ቁልቁለት ላይ ሰላምታ

ሱቁን አስረክቤ ቤት ከተቀመጥኩ ገና ዓመት አልሞላኝም፤ የነቀምቴ ሰው ግን ኮርቷል ብሎ ከወዲሁ ፈርዶብኛል። በቀደም አንዲት ጎረቤታችን ባለቤቴን አስቴርን ገበያ ላይ አግኝታ፣ «ምነው ኦቦ ተሰማ? ልጄ በብስክሌት ሲያልፍ አይተውት ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩበት። ምን በደልናቸው?» ብላ ጠየቀቻት። አስቴር ዘንቢሉን ሳታስቀምጥ ነገረችኝ።

«አዙረሃል?»

«አዙሬያለሁ።»

«ታዲያ ሰው ምን ይበል?»

ሰው የፈለገውን ይበል። እኔ ሃያ ምናምን ዓመት ብስክሌት ሳከራይና ስጠግን፣ በየእሁዱም የሰው ቤተሰብ እየመራሁ በዚህ አገር ዳገትና ቁልቁለት ስንከራተት የኖርኩ ሰው ነኝ። ፊቴን የማዞርበት ምክንያት አለኝ። ምክንያቱን ግን ለእያንዳንዱ አላፊ አግዳሚ ቆሜ ማስረዳት ታከተኝ። ስለዚህ አንድ ጊዜ ልጻፈውና ይለይልኝ።

አባቴ ከጎጃም መጥቶ ኪራሙ የሰፈረ ገበሬ ነበር። እኔ ለእርሻ አልተፈጠርኩም፤ ሞፈር ይዤ አንድ ትልም ቀጥ አድርጌ አላውቅም። ጣሊያን በወጣ በጥቂት ዓመት ነቀምቴ ገባሁና ቴሌግራም አዳይ ሆኜ ተቀጠርኩ። ደመወዙ ለአንድ ሰው ይበቃል፤ እኔም አንድ ሰው ነበርኩ። አለቃችን ከቴሌግራሙ በፊት የብስክሌቱን ፓራፋንጎ፣ የጭቃ መከላከያውን፣ በነጭ መሐረብ የሚፈትሹ ሰው ነበሩ። በክረምት፣ ያ ቀይ ጭቃ እስከ ጉልበት በሚደርስበት ወር፣ መሐረባቸው ቀልቶ ሲወጣ «ተሰማ፣ ይኼ የመንግሥት ንብረት ነው» ይሉኛል። የሰው እናት መሞቷን የሚናገር ወረቀት ኪሴ ውስጥ ይዤ ጎማ ሳጥብ የረፈደብኝ ቀን አለ። ከሦስት ዓመት በኋላ ብስክሌቱን አጥቤ፣ አድርቄ፣ አስረክቤ ወጣሁ።

ከዚያ አቶ ሽኩር ዘንድ ገባሁ። አቶ ሽኩር ከጉራጌ አገር መጥተው ነቀምቴ የከረሙ ነጋዴ ናቸው። በሱቃቸው በአንድ በኩል ጨው፣ ላምባና አቡጀዲ ይሸጣሉ፤ በሌላው በኩል ስድስት ብስክሌት በሰዓት ያከራያሉ። ወሬ አይወዱም። ኦሮምኛውንም አማርኛውንም አቀላጥፈው ያውቃሉ፣ በሁለቱም ዝም ይላሉ። አሥር ዓመት አብሬያቸው ስሠራ ሥራውን የተማርኩት እጃቸውን እያየሁ ነው።

ከኪራይ የተመለሰ ብስክሌት ሁሉ ይገለበጣል። ጎማውን ያሽከረክሩና ሽቦዎቹን በጥፍራቸው ነካ ነካ እያደረጉ ያዳምጣሉ። የላላው ሽቦ ድምፁ የሞተ ነው፤ እሱን ሩብ ዙር ያጠብቁና እንደገና ያዳምጣሉ። ካላማዳሪያ፣ የጎማው የውስጥ ላስቲክ፣ ሲቀደድ ውሃ ውስጥ ነክረው አረፋው የሚወጣበትን ያያሉ፣ ቀዳዳውን በኮፒያ እርሳስ ይከቡታል። ማስቲሹን ቀብተው ወዲያው አይለጥፉም። አንድ ገበያተኛ ገብቶ፣ ስለ ጨው ተከራክሮ፣ ገዝቶ እስኪወጣ ድረስ ያስቀምጡታል። እኔ ቸኩዬ የለጠፍኩት ሁሉ ከተማውን ሳይወጣ ይተነፍስ ነበር፣ ባለቤቱም ገፍቶት ይመጣል፣ እሳቸውም አንዴ እሱን አንዴ እኔን አይተው ዝም ይላሉ። ዝምታቸው ከስድብ ይብስ ነበር።

ተከራይ ሲመጣ «ወዴት ነህ?» ይሉታል። «ወደ ዲጋ» ካለ «መመለሱስ?» ይሉታል። ሞኝ ጥያቄ ይመስለኝ ነበር። ሲወርዱ እየዘፈኑ ወርደው ሲመለሱ ዳገቱ ላይ ብስክሌት ታቅፈው የሚያለቅሱ ሰዎችን ሄጄ መሰብሰብ የእኔ ሥራ ከሆነ በኋላ ሞኝ ጥያቄ አለመሆኑ ገባኝ።

አንድ ሌላ ልማዳቸው ግን ያናድደኝ ነበር። ከሱቁ በታች አጭር ቁልቁለት አለ። አዲስ ተከራይ ብስክሌቱን ይዞ ከመሄዱ በፊት ያንን ቁልቁለት አንድ ጊዜ መውረድ አለበት። አቶ ሽኩር ነጭ ቆባቸውን አስተካክለው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ መካከሉ ላይ ከመንገዱ ዳር ይቆማሉ። ሰውየው ሲደርስ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሰላም ይሉታል። ተከራዩ አፍሮ እዚያው ለመውረድ ከሞከረ «ድገም» ይሉታል። አልፏቸው ታች ሜዳው ላይ ቆሞ፣ ወርዶ፣ ብስክሌቱን እየገፋ ሽቅብ ተመልሶ በእግሩ ሰላም ካላቸው ግን ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ይለቁታል። አንዳንዱን አራት አምስት ጊዜ ያስደግሙታል። ገበያተኛ ቆሞ ይስቃል። እኔ የሰጠሁት ትርጉም አንድ ነበር፤ ሰውየው ክብር ይወዳሉ፣ ሰው ዳገት ወጥቶ እጅ እንዲነሣቸው ይፈልጋሉ አልኩ። ለምን እንደሚያደርጉት አንድ ቀን አልነገሩኝም፤ እኔም አንድ ቀን አልጠየቅኳቸውም።

ዕድሜያቸው ሲገፋ ሱቁን ለእኔ ለቀው ወደ አገራቸው ሄዱ። በማግስቱ ያንን የቁልቁለት ሰላምታ አስቀረሁት። ተከራዩን ከውርደት የገላገልኩት መስሎኝ ነበር።

እሁድ እሁድ ቤተሰብ ይዞ የመውጣቱን ነገር ያመጣችው አስቴር ናት። «ይኼ ሁሉ ተራራ ተቀምጦ እኛ ከቤትና ከቤተ ክርስቲያን በቀር የምናውቀው መንገድ የለም» አለች። ሁለት ሦስት መምህራን፣ ታደሰ የሚባል የሆስፒታል ድሬሰር፣ አንድ የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ ጥቂት ነጋዴዎች ከነልጆቻቸው ተሰበሰቡ። ግማሹ በእግር፣ ግማሹ በብስክሌት፣ ሴቶቹና ልጆቹ የኋላ መጫኛው ላይ እየተቀመጡ መውጣት ጀመርን።

መቼም ሰው ይዞ መንገድ እንደ መውጣት የሚያበሳጭ ሥራ የለም። ስብከቱ በአራት ሰዓት ያልቃል ይሉኛል፤ ሰባኪው ሲሞቀው ስድስት ይሆናል፤ እኔ የሞላሁት ጎማ ፀሐይ ላይ ይቀቀላል። ጸሐፊው ክራቫት አስሮ፣ አዲስ ጫማ ተጫምቶ ይመጣና ብዙም ሳንርቅ ጫማውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይሄዳል። አንዱ ጾመኛ ነው፣ አንዱ ዶሮ ወጥ ይዟል፣ ከነጋዴዎቹ መካከል ያሉት የአቶ ሽኩር ዘመዶች ደግሞ እስላም ናቸውና የእኛን እርድ አይነኩም፤ ስለዚህ አንድ ዛፍ ሥር ሦስት ቦታ ተከፍለን እንበላለን። አንድ ጊዜ ብስክሌቶቹን በአውቶቡስ ጣራ ጭነን አኖ ከተማ ሄድን። ረዳቱ ከላያቸው ቡና በኩንታል ሲጭንባቸው ማንም አላየም። ቀኑን ሙሉ አኖ ላይ የተጣመመ ጎማ ሳቃና ዋልኩ፤ ሌሎቹ ወንዝ ወርደው፣ ታጥበው፣ ደስ ብሏቸው ተመለሱና «አንተ ለምን አልመጣህም?» አሉኝ።

ከሁሉ የባሰው ግን ዘመድ ነው። ከዲጋ ወዲያ የዴዴሳ ቆላ ወለል ብሎ የሚታይበት አፋፍ አለ ይባላል። እሱን ለማየት ሦስት እሁድ ወጥተን ሦስቱንም እሁድ አላየነውም። አንዱ የአጎቱ ደጅ ላይ ሲደርስ «ሳልገባ ባልፍ ይቀየሙኛል» ይላል። ሁላችንም እንገባለን፣ ጭኮ ይቀርባል፣ እርጎ ይከተላል፣ ፀሐይዋ ታዘቀዝቃለች። «አፋፉ ምን ያህል ይርቃል?» ስል አጎትየው «አሱመ» ይሉኛል፤ እዚሁ ነው ማለታቸው ነው። የእሳቸው እዚሁ ግማሽ ቀን ያስኬዳል። ይህ ሁሉ ሰላምታና ዘመድ ከብስክሌት ሥራዬ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ያኔ ልብ ብል ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ባልኖረ ነበር።

መምህር ገመቹ የተቀላቀለን በዚያ ዓመት ነው። አዲስ ሙሽራ ነበር፤ ሚስቱ ለሊሴ የዲጋ ልጅ ናት። የእጁ ጽሕፈት በከተማው የታወቀ ነው። የትምህርት ቤቱ የምስክር ወረቀት ሁሉ በእሱ እጅ ይጻፋል፤ የሠርግ ጥሪ የሚያስጽፍ ሰው ከበሩ አይጠፋም። ተማሪዎቹ ሰሌዳው ላይ የጻፈውን መደምሰስ ያሳዝነናል ይሉ ነበር። ብስክሌት ያስተማርኩት እኔ ነኝ። የኋላውን ፍሬን አስቀድሞ የፊቱን አከታትሎ መያዝን፣ ቁልቁለት ላይ ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ መቀመጥን፣ ጠጠር ላይ መሪ አለመጠምዘዝን፣ ሁሉንም በአራት ቀን ያዘልኝ። አንዱን ነገር አላስተማርኩትም።

ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ እንደ ደረቀ አንድ እሁድ ቆርጬ ተነሣሁ። «ዛሬ ማንም ዘመድ ቤት አይገባም» አልኩ። «ዛሬ ዴዴሳን ሳላይ አልመለስም።» ዲጋን ሳንቆም አለፍን። ቁልቁለቱ አፍ ላይ ስንደርስ መጫኛው ላይ ያሉት ሁሉ ወርደው በእግራቸው እንዲከተሉን አደረግኩ፤ ይህ የአቶ ሽኩር ደንብ ነው፣ እሱን አልሻርኩትም። ወንዶቹ ተራርቀን ወረድን። እኔ ከፊት ነኝ፣ ገመቹ ከኋላዬ።

መካከሉ ላይ ከታች ሽቅብ የሚመጡ ሦስት ሴቶች አየሁ። ከለቅሶ የሚመለሱ ይመስላሉ፤ በመካከል ያሉት ጥቁር ጃንጥላ ይዘዋል። አንገቴን ዝቅ አድርጌ አለፍኳቸው። እሳቸው የለሊሴ እናት አዴ ጫልቱ መሆናቸውን እኔ አላወቅኩም። ገመቹ ግን አወቀ።

በዚህ አገር አማች አማቱን በቅሎ ላይ ሆኖ አያልፍም። ሲያያቸው ይወርዳል፣ ከመንገዱ ዳር ይቆማል፣ አንገቱን ይደፋል፤ እሳቸውም በነጠላቸው ፊታቸውን ከልለው ያልፋሉ። ስም አይጠራሩም፣ ዓይን ለዓይን አይተያዩም። ይህን አላውቅም ነበር ማለት አልችልም። የአስቴርን እናት ባየሁ ቁጥር እኔ ራሴ ከበቅሎ ስወርድ ኖሬያለሁ። በቅሎ ግን ልጓሟን ሲይዙት ትቆማለች።

ገመቹ በቅሎ ላይ የሚደረገውን አደረገ። ሁለቱንም ፍሬን ጨምድዶ ያዘና ቀኝ እግሩን አነሣ። ከኋላዬ ብረት ጠጠር ላይ ሲፋቅ ሰማሁ።

ቆሜ፣ ብስክሌቴን ጥዬ፣ ሽቅብ ሮጬ ስደርስ ቦዩ ውስጥ ተቀምጧል። ግንባሩ ደምቷል። ቀኝ እጁ ከአንጓው ላይ ወደማይሆን አቅጣጫ ዞሯል። በግራ እጁ ባርኔጣውን ፈልጎ ደረቱ ላይ ይዞ ለመነሣት ይታገላል።

«አከም ጂርቱ» ይላል አንገቱን ደፍቶ። እንደምን አሉ እያላቸው ነው።

«ተቀመጥ አንተ ሰው!» አልኩት። «አሁን የሰላምታ ሰዓት ነው?»

አዴ ጫልቱ ጃንጥላቸውን ጥለዋል። ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው አውርደው፣ ጀርባቸውን ለእኛ ሰጥተው፣ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቆመዋል። ሊቀርቡት አይችሉም፣ ሊነኩት አይችሉም፣ ስሙን ጠርተው አይዞህ ሊሉት እንኳ አይችሉም።

«ማሎ፣ ሀርከ ኢሳ ኢላላ» ይላሉ ፊት ለፊታቸው ላለው ሜዳ። እባካችሁ፣ እጁን እዩለት። ደግሞ በአማርኛ፣ እኔ እንድሰማ ይመስለኛል፣ «ምን እግር ጣለኝ በዚህ መንገድ? እኔ ነኝ የሰበርኩት» አሉ።

እንዲህ ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ድሬሰሩ ታደሰ የጎማ መንፊያውን ፖምፓ ከገመቹ እጅ ሥር አጋድሞ በአሮጌ ካላማዳሪያ ጠቀለለለት። ለሊሴ ከላይ እየሮጠች ደረሰችና ከባሏና ከእናቷ መካከል ቆማ ወደየትኛው እንደምትሄድ ጠፋት። የአካባቢው ሰው ተሰብስቦ ወጌሻ ይጠራ አለ፤ ታደሰ የለም ሆስፒታል አለ፤ ክርክሩ ሲረዝም ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ። ሆስፒታል አልኩ። ሆስፒታሉ ግን ነቀምቴ ነው፤ እኛ ደግሞ ሽቅብ የሚወስደን ነገር የለንም። አንድ የጭነት መኪና እስኪያልፍ ድረስ ከሰዓቱን ሙሉ እዚያ ቦይ አጠገብ ተቀመጥን። እጁ ያብጣል፣ እኔ መንገዱን አያለሁ። «መመለሱስ?» የሚለው የአቶ ሽኩር ጥያቄ ጆሮዬ ላይ ነበር። አዴ ጫልቱ መኪናው እስኪመጣ ድረስ ከቆሙበት አልተነቃነቁም፤ አንድ ጊዜም አልዞሩም።

አጥንቱ ገጠመ፤ አንጓው ግን አልታጠፍ አለ፤ ጣቶቹ ጠመኔ መጨበጥ አቃታቸው። ሥራዬን ስጨርስ ቤቱ እየሄድኩ እጠይቀው ነበር። አንድ ቀን ቀኝ እጁን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ እንደ ሰው ዕቃ እያየው፣ «ኦቦ ተሰማ፣ የማይጽፍ መምህር ምን ይባላል?» አለኝ። ተነሥቼ ወጣሁና ደጁ ላይ የቆመውን የራሴን ብስክሌት በእርግጫ መታሁት።

በግራ እጁ ከሀ ሁ ጀመረ፣ እንደ ጀማሪ ተማሪ። ለወራት ለሊሴ ደብተር እያሰመረችለት ቤት ውስጥ ተለማመደ። ሰሌዳው ላይ የተንጋደደ ፊደል ይዞ የቆመ ዕለት ተማሪዎቹ አንዳቸውም አልሳቁም ብሎኛል። ሥራውን አልለቀቀም። የምስክር ወረቀቱን ግን ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ነው የሚጽፈው።

በዚያው በጋ አቶ ሽኩር ዘመድ ለመጠየቅ ነቀምቴ መጡ። ሱቁ ደጃፍ በርጩማ ሰጥቻቸው የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። እንደ ልማዳቸው እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቁኝ።

«መንገድ ላይ ቆመህ ሰላም አላልከውም?»

«አላልኩትም።»

«ለምን?»

«ለክብርዎ የሚያደርጉት መስሎኝ ነዋ!» ብዬ ጮህኩባቸው። ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ መኪናውን አቁሞ አየን። «አሥር ዓመት አብሬዎት ስሠራ አፍዎን ከፍተው ሁለት ቃል ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?»

አልተቆጡም። ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«ክብር ብፈልግማ ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ እጠብቃቸው አልነበር? ፀሐይ ላይ ምን አቆመኝ?» አሉ። ደግሞም፣ «በመጀመሪያው ዓመት አንዱ ቁልቁለት ላይ አባቱን አይቶ ወረደ። የፊት ጥርሱን አጣ። እኔ አፈርኩ። ከዚያ ወዲያ እንዳይደገም አደረግኩ፣ ወሬውን ግን ተውኩት» አሉ።

በጣም ተናደድኩባቸው። እስከ ዛሬም እናደድባቸዋለሁ። የአንድ ሰው ጥርስ ያስተማራቸውን ነገር በሆዳቸው ይዘው ሄዱ፤ እኔ ደግሞ በሆዳቸው ያለውን ሳልጠይቅ ክብር ፈላጊ አደረግኳቸው። ሁለታችን ተባብረን የገመቹን እጅ ሰበርን። ይህን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉና ሻይ ጠየቁኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቁን እስካስረከብኩ ድረስ ያ ቁልቁለት መካከል ቆሜያለሁ። ከአቶ ሽኩር የምለየው ምክንያቱን ለእያንዳንዱ ተከራይ መናገሬ ነው፤ ታላቅ ሰው ስታይ አንገትህን ዝቅ አድርገህ እለፍ፣ ሜዳው ላይ ቁም፣ ወርደህ በእግርህ ተመለስና ሰላም በል፣ ማንም አይቀየምህም፣ እላለሁ። ለፈለፍኩ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ። የከተማው ሰው ምን እንዳለኝ ይታወቃል፤ ኦቦ ተሰማ ክብር ይወዳሉ። በዓመቱ ገመቹ ራሱ መጣና እንደገና እንዳስተምረው ጠየቀኝ። ፍሬኑን ወደ ግራ በኩል አዛወርኩለትና ቁልቁለቱ ላይ ቆምኩለት። አንድም ጊዜ ማስደገም አላስፈለገኝም።

እሁዶቹም አልቀሩም። የዴዴሳን ቆላ በመጨረሻ ሄጄ አየሁት፤ ጭጋግ ሸፍኖት ነበር። አዴ ጫልቱ ግን ከዚያ ወዲህ እሁድ፣ ብስክሌቶቹ በሚወጡበት ቀን፣ በዋናው መንገድ ሄደው አያውቁም። በማሳዎቹ መካከል፣ በጭቃው፣ ረጅሙን ዞረው ይሄዳሉ። ለምን ሲሏቸው መንገዱ ድንጋይ ነው ይላሉ።

አሁን ሱቁን የያዘው ሰው ወዴት አይል፣ መመለሱስ አይል፣ ብስክሌቱን ይሰጣል። ሄጄ ነገርኩት። «አባባ፣ ዘመኑ ተለውጧል» አለኝ። ዘመኑ ይለወጥ፤ ልጆቹ ግን ዛሬም ሽማግሌ ሲያዩ ቁልቁለት ላይ ይወርዳሉ። እኔም ሽማግሌ ሆኛለሁ። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት በዲጋ መንገድ በእግሬ ስሄድ የብስክሌት ድምፅ ከሰማሁ ፊቴን ወደ አጥሩ አዞራለሁ። ካላየሁት ሰላም ማለት የለበትም፣ ሰላም ካላለኝም አይወርድም። ነገሩ ይኼው ነው።

ባለፈው እሁድም እንደዚሁ ከከተማው መውጫ ያለው ረጅሙ ቁልቁለት ላይ ሳለሁ ከበላዬ የጎማ ድምፅ ሰማሁ። ወደ ቅንጭቡ አጥር ዞሬ ቅርንጫፍ መቁጠር ጀመርኩ። አለፈኝ። ፍሬን አልያዘም፣ ቁልቁል ሄደ። እፎይ ብዬ መንገዴን ቀጠልኩ።

ብዙ ከቆየሁ በኋላ ከታች የጫማ ኮቴ ሰማሁ፤ ብስክሌትም ይገፋል። አሁንም ወደ አጥሩ ዞርኩ። ኮቴው ከኋላዬ መጥቶ ቆመ።

«ኦቦ ተሰማ፣ ይኼ አጥር ምን አደረገዎት?»

ገመቹ ነው። ጠጉሩ ሸብቷል። ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ሜዳው ያለው ከድልድዩ ዘንድ ነው፤ እዚያ ድረስ ወርዶ፣ ያንን ሁሉ ዳገት ብስክሌቱን በአንድ እጁ እየገፋ ነው የተመለሰው።

«ጤና የለህም?» አልኩት። «ይኼን ሁሉ ዳገት ለሰላምታ ብለህ? ደግሞ ፊቴን አዙሬልህ?»

«እንዲህ ነዋ ያስተማሩኝ» አለኝ፤ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

ብስክሌቱን አጥሩ ላይ አስደግፎ ቀኝ እጁን በግራው ደግፎ ዘረጋልኝ። ታናሽ ለታላቁ እጅ ሲሰጥ እንዲህ መደገፉ የአገር ልማድ ነው። የእሱ እጅ ግን ካልደገፈው አይነሣም። መልሼ ወደ አጥሩ ልዞር ምንም አልቀረኝም ነበር። ከዚያ በትሬን ጣልኩና በሁለት እጄ ያዝኩት።